ክሩ እስኪበጠስ ድረስ

ጠራዡ በሕይወቱ የሚያፍርበት ነገር ብዙ አልነበረውም። ሠላሳ ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት የጥራዝ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ ሲሰፋ፣ ጀርባ ሲያጣብቅ፣ ሽፋን ሲያለብስ ኖሯል። ከሰው ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ ያለ ምክንያት ከሥራ ቀርቶ አያውቅም፤ ለሚስቱም ሆነ ለአንድ ሴት ልጁ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ስለ እሱ የሚናገር ሰው «ዝምተኛ ነው እንጂ ሰውስ ሰው ነው» ይላል። ይህ ወሬ ጆሮው ሲደርስ ደስ ይለው ነበር። ጠዋት ጺሙን ሲላጭ በመስታወት የሚያየው ፊት የማይጠላው ፊት ነበር። ይህ ሁሉ እንግዲህ እስከ አንድ የመጸው ቅዳሜ ድረስ ነው።

ጓደኛው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ተሳፋሪዎቹ «ቱሪስት» ይሉታል፤ አውቶቡሱን የሚነዳው አገር ሊጎበኝ እንደመጣ ሰው ግራ ቀኙን እያየ፣ ቀስ እያለ ስለሆነ። እሱ በዚህ ስም አይከፋም። «በኔ መኪና ተሳፍሮ የዘገየ እንጂ ያልደረሰ የለም» እያለ ይስቃል። የተዋወቁት ጠራዡ አንድ ቀን አሥር ጥራዝ መጽሐፍ በካርቶን አድርጎ ሲሄድ አውቶቡሱ ውስጥ ረስቶት የወረደ ጊዜ ነው። ቱሪስት ተራውን ሲጨርስ ካርቶኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ማተሚያ ቤቱን አፈላልጎ አገኘውና ዕቃውን አስረከበ። ከዚያ መሄድ ሲገባው በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ሠራተኞቹ በር ዘግተው እስኪወጡ ድረስ ሲያወራ ዋለ። ጠራዡ ከሥራው ቀና ሳይል ሲያዳምጠው ዋለ። አንደኛው የሚያዳምጠው ፈልጎ፣ ሌላው የሚያወራለት ፈልጎ የኖሩ ይመስል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለያዩም።

ዓሣ ማጥመድን ያስተማረው ቱሪስት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወንዝ በቱሪስት አሮጌ መኪና አብረው ሲሄዱ ኖረዋል። ከሁሉ የሚወዱት ወቅት ዛፎቹ ቅጠል የሚያራግፉበት ጊዜ ነው። ውሃው መቀዝቀዝ ሲጀምር ፐርች የሚባለው ዓሣ፣ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመር፣ ሆዱ ሥር ቀይ ክንፍ፣ ጀርባው ላይ እሾህ ያለው፣ በረዶ ከሚጥልበት ክረምት በፊት ስብ ለመያዝ ወደ ጥልቁ ይሰበሰባል። በዚያ ሰሞን ጠዋት ላይ ሆዳም ይሆናል፤ ትሉን ሳያመነታ ነው የሚውጠው። እነሱ «ባለመስመሩ» ይሉታል።

ታዲያ ባለመስመሩ ጠራዡን አልወደደውም። ቱሪስት በየመጸው ክንድ የሚያክል ያወጣል፤ ጠራዡ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከመዳፉ የበለጠ አውጥቶ አያውቅም። ቱሪስት ይህንን መቀለጃ አደረገው። «ያንተን ዓሣ ዓሣ ነው ለማለት ምስክር ያስፈልጋል» ይለዋል። ወይም ደግሞ ጠራዡ ያወጣትን ትንሽ ዓሣ አንስቶ ዓይን ዓይኗን እያየ «እናትሽ የት እንዳለሽ ታውቃለች?» ብሎ ይጠይቃታል። ጠራዡ አብሮ ይስቃል። ቀልዱን ይወደዋል ማለት ግን አይደለም። ሰው አንድ ቀልድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሰማ የሆነ ቦታ ላይ እንደ ጫማ ጠጠር ይቆረቁረዋል፤ እሱም ቆርቁሮት ነበር፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለራሱ እንኳ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ወንዙ ጉም ለብሶ ነበር። ከቦታቸው የደረሱት ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ነው። ቦታው የአንድ የፈረሰ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ነው፤ ግንቡ ውሃው ውስጥ ድረስ ይገባል፤ ከጎኑ ድሮ እህል የሚራገፍበት የድንጋይ ደረጃ አለ። ከደረጃው ሥር ያለው ጉድጓድ ጥልቅ ነው። ቱሪስት አንድ ጊዜ በገመድ ድንጋይ አስሮ ለክቶት የሁለት ሰው ቁመት እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉ። ወርቃማና ቡናማ ቅጠል በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ያልፋል፤ ደረጃዎቹም ቅጠል ለብሰዋል። ቱሪስት ወፍራም ካፖርቱን ደርቦ፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ አዲስ አለቃ እያወራ ነበር። አለቃው ሰዓት አክብሩ እያለ አስቸግሯቸዋል። በፔርሙዝ ከያዙት ሻይ አንድ አንድ ኩባያ ጠጡ። ጠራዡ ትሉን መንጠቆው ላይ ሰካ፣ ከግንቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ወረወረ።

ብዙ አልቆየም። ክሩ ላይ ታስሮ የሚንሳፈፈው ቡሽ አንዴ ተነቃነቀ፣ ሁለቴ ተነቃነቀ፣ ከዚያ የሆነ ሰው ከታች የጎተተው ይመስል ተሰወረ። ዘንጉ ጎበጠ። ጠራዡ ገና ሲይዘው አወቀ፤ እንዲህ ያለ ክብደት በእጁ ላይ መጥቶ አያውቅም። ቱሪስት ወሬውን አቋረጠ፤ ይህ ራሱ ያልተለመደ ነገር ነው።

«አላላለት» አለው ቀስ ብሎ። «ይሂድ፣ አትከልክለው። ሲደክመው ራሱ ይመጣል።»

ዓሣው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። አንድ ጊዜ ውሃው ላይ ጀርባውን አሳየ፤ እሾሁ እንደ ማበጠሪያ ቆሞ ታየና ጠለቀ። ቱሪስት የራሱን ዘንግ መሬት ላይ ጣለ፣ ረጅም እጀታ ያለውን መረብ አነሣና ከታች ሊቀበለው ደረጃውን ወረደ። ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ ነበር። ለጓደኛው እንዲህ ያለ ዓሣ እንዲያዝለት ከጓደኛው ይልቅ የጓጓው እሱ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከመጨረሻው ደረጃ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ቅጠሉ ከሥሩ ከዳው። መጀመሪያ መረቡ በረረ፤ ቀጥሎ ሁለቱ ቦቲዎች ወደ ላይ ታዩ፤ ከዚያ ሰውየው ውሃው ውስጥ ገባ።

ቱሪስት ዋና አያውቅም። ይህንንም ጠራዡ ያውቃል።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ጠራዡ አየው። ራሱ ሲወጣ አየ፤ አፉን ሲከፍት አየ፤ ካፖርቱ ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ሲስበው አየ። ሰውየው ጠለቀ፣ ወጣ፣ እንደገና ጠለቀ። ጠራዡ ደግሞ ዘንጉን ይዞ ቆሞ ነበር። አሁን ይነሣል፣ አሁን ድንጋዩን ይይዛል ብሎ አሰበ፤ ወይም ያሰበ መሰለው። እጁ ግን በዚህ ሁሉ መሐል ሥራውን አላቆመም። አውራ ጣቱ ክሩን ያላላል፤ ግራ እጁ ይጠቀልላል፤ ዓሣው ወደ ግራ ሲሄድ እሱም ዘንጉን ወደ ግራ ያዘነብላል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያን ጊዜ አሳምሮ አጥምዶ አያውቅም።

ከዚያ ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ዘንጉን የጣለው ያን ጊዜ ነው። የሮጠውም ያን ጊዜ ነው። ደረጃው ላይ በሆዱ ተኛ፣ እጁን እስከ ትከሻው ድረስ ውሃው ውስጥ ከተተ፣ የካፖርቱን ኮሌታ አገኘና ጎተተ። ክብደቱ የሰው አይመስልም ነበር። ጡንቻው እስኪንቀጠቀጥ ጎትቶ፣ ደረቱን ደረጃው ላይ አወጣለት፤ ከዚያ ቀበቶውን ይዞ ቀሪውን አወጣው። ቱሪስት ውሃ ተፋ፣ ሳለ፣ እንደገና ተፋ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ትንሽ ትንፋሹ ሲመለስለት ዓይኑን ወደ ጠራዡ አነሣና፦

«ዓሣውስ?» አለው።

«ሄደ።»

ቱሪስት ለረጅም ጊዜ አየው። ዓይኑ ውሃ ሞላ፤ የወንዙ ይሁን የራሱ አይታወቅም።

«እንዲያ ያለውን ዓሣ» አለ፤ «ለኔ ብለህ ለቀቅከው።»

ጠራዡ ሊናገር አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ አጭርም ነበር። ግን ሰውየው እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ጥርሱ ይጋጫል፤ ቶሎ ወደ መኪናው መውሰድ ያስፈልጋል። «እባክህ ተወው» ብቻ አለ። ቱሪስት ይህንን ትሕትና አድርጎ ወሰደው። ውሸቱ በቃል ቢነገር ኖሮ ምናልባት መልሶ መዋጥ ይቻል ነበር፤ በዝምታ የተነገረን ውሸት ግን ከየት ጀምሮ እንደሚውጡት አያውቅም ነበር።

መኪናውን ጠራዡ ነዳ። ቱሪስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከጎኑ እየተንቀጠቀጠ፣ መንገዱን ሙሉ ወሬውን አላቋረጠም። ቱሪስት ቤት ሲደርሱ በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት፤ መዋእለ ሕፃናት የምታስተምር፣ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ የማትወድ ሴት። ባሏን አየች፣ ታሪኩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ሰማች፤ ከዚያ የጠራዡን ሁለት እጆች ይዛ ግንባርዋ ላይ አደረገቻቸው። «ወንድሜ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ጠራዡ እጁን መንጠቅ ፈለገ፤ ግን እንዲያ የያዘችውን ሴት እንዴት አድርጎ ይነጥቃታል? አንገቱን ደፍቶ ቆመ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ቱሪስት በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው፤ ሳንባው ተመታ ተባለ፤ ሆስፒታል ገባ። አልጋው ላይ ሆኖም ወሬው አልቆመም። ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ ታሪኩን ይነግራል። ለሐኪሙ ነገረ፣ ለነርሶቹ ነገረ፣ ከጎኑ ለተኛው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ነገረ። ሾፌሮቹ ለተሳፋሪ አወሩት፤ ተሳፋሪው ወደየሰፈሩ ወሰደው። በየአፉ ሲያልፍ ዓሣው እያደገ ሄደ፤ መጀመሪያ ክንድ ያክል ነበር፣ ቀጥሎ ጭን አከለ። ጠራዡ ፀጉሩን ሊስተካከል የሄደ ቀን ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ በመስታወቱ ውስጥ እያየው፣ ዓሣውን ጥሎ ሰው ያወጣው እሱ መሆኑን ጠየቀው። ጠራዡ ፊቱ ደም መሰለ። ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ቀና ብለው አዩት፤ አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ ጨበጠው።

ማተሚያ ቤት ሲገባ አጨበጨቡለት። ሌላ ከተማ የምትኖረው ሴት ልጁ ደወለች። ከእናትዋ ሰምታ ነው። እሷ እንደ አባቷ ቁጥብ ናት፤ ስልክ ላይ ከጤና ይስጥልኝ ብዙ አትሻገርም። የዚያን ቀን ግን «አባዬ፣ ኮራሁብህ» አለችው። ይህንን ቃል ከእሷ አፍ ለመስማት ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረ አባት ነው፤ አሁን ሲመጣ እንደ ትኩስ ብረት ጨበጠው፣ መጣልም አልቻለም።

ቱሪስት ከሆስፒታል ሲወጣ ሚስቱ በእጇ የሠራችውን ሹራብ ይዛ መጣች፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ አንገቱ የሚታጠፍ። ባሏ አልጋ ላይ ተኝቶ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ ስትጠብቅ የሠራችው ነው። ልኩን ከየት እንዳገኘች አይታወቅም፤ ልክክ አለው። ጠራዡ ፊትዋ ለብሶ አሳያት። ከሄደች በኋላ አወለቀው፤ አጣጥፎ ከቁም ሣጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። የራሱ ሚስት ለምን እንደማይለብሰው ስትጠይቀው፣ ገና ብርዱ አልጠናም አላት። ብርዱ ጠንቶ ነበር።

በነዚያ ሳምንታት ራሱን ለማጽናናት ያልሞከረው ነገር የለም። ድንጋጤ ነው፣ ሰው ሲደነግጥ ይደርቃል፤ ይኼ በሁሉም ላይ የሚደርስ ነው እያለ ለራሱ ነገረው። ግን የደረቀ ሰው አውራ ጣቱ ክር አያላላም። ደግሞም መጨረሻ ላይ አውጥቼዋለሁ ይላል፤ እውነት ነው፣ አውጥቶታል። እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ያች አንዲት ጥያቄ ትመጣለች፦ ክሩ ባይበጠስስ? ምናልባት ከአንድ ትንፋሽ በኋላ ዘንጉን ይጥለው ነበር። ምናልባት ከሦስት። እንደማያውቅ ማወቁ ነው ውስጥ ውስጡን የበላው።

ሥራ ላይ እጁ መሳት ጀመረ። አንድ ቀን አንድ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ የሕይወት ታሪኩን ሁለት መቶ ኮፒ አሳትሞ፣ መጽሐፉ ለመጠረዝ ጠራዡ ዘንድ መጣ። ጠራዡ ከታጠፉት ወረቀቶች አንዱን ክፍል ገልብጦ ሰፋው፤ በአንድ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን በስልሳ መጽሐፍ ላይ። አስተማሪው ገጹን ሲገልጥ የራሱ የሠርግ ፎቶግራፍ በጭንቅላቱ ቆሞ አገኘው። እንዲህ ያለ ስሕተት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሠርቶ አያውቅም። ኃላፊዋ፣ በዕድሜ የምታንሰው፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት፣ ጠርታ ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን አስተማሪውን ወደ ጎን ወስዳ፣ ይህ ሰው ጓደኛውን ከሞት ያወጣ ነው፣ ከዚያ ወዲህ መንፈሱ አልተረጋጋም ብላ ነገረችው። አስተማሪው ንዴቱ በረደ፤ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ ግድ የለም፣ ጊዜ ይውሰዱ አለው። ጠራዡ በዚያ ሰዓት መርፌውን አስቀመጠ። ስድብ ይቀለው ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ፣ እራት ላይ፣ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ሚስቱ ነገር በችኮላ የምትመልስ አይደለችም። ሳህኖቹን አነሣች፣ አጠበች፣ እጇን አደራረቀችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«ሰውየው ድኗል» አለች። «ደስ ብሎታል። ብትነግረው የሚቀለው ላንተ ነው፤ እሱ ላይ ግን ልትጭን ነው። ምን ዓይነት ደግነት ነው ይኼ?»

ልክ ልትሆን ትችላለች ብሎ ሁለት ሳምንት ታገሠ። ነገር ግን ቱሪስት ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ጠራዡ ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ሲሳፈር፣ ሰውየው ከመሪው ዞር ብሎ ለተሳፋሪው ሁሉ «ይኸው መጣ» ሲል፣ ሰውም ቦታ ሊለቅለት ሲነሣ፣ በዚህ ዓይነት መኖር እንደማይችል ገባው። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ማተሚያ ቤቱ ጋ አልወረደም። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደ።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ አውቶቡሱ አሥር ደቂቃ ይቆማል። ሰው ሁሉ ወረደ። ቱሪስት ጨርቁን አውጥቶ የፊት መስታወቱን ከውስጥ ይወለውል ጀመር፤ አሁንም ትንሽ ትንሽ ያስለው ነበር። ጠራዡ ከጀርባው ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠና ተናገረ። ያዘጋጀውን ነገር ሁሉ ረስቶት ነበር፤ በደፈናው ነገረው። ዓሣውን እንዳልለቀቀው፣ ክሩ እንደተበጠሰ፣ እስኪበጠስ ድረስ ቆሞ እንደነበር ነገረው። ቱሪስት መወልወሉን አላቆመም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ደጋግሞ ይወለውል ጀመር እንጂ።

«አይተኸኝ ነበር?» አለው ሳይዞር።

«አይቼህ ነበር። ሁለቴ ጠልቀህ ወጥተሃል።»

«ሦስቴ ነው» አለ ቱሪስት። «ሦስተኛውን አላየኸውም።»

ጨርቁን አጠፈ፣ እንደገና አጠፈ።

«እኔም አይቼህ ነበር። ከውሃው ውስጥ ሆኜ። ቆመሃል። ዱላ እየፈለገ ነው ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያም እንዲያ አሰብኩ፣ ሆስፒታልም ተኝቼ እንዲያው አሰብኩ። ሌላ ነገር ማሰብ አልፈለግኩም።» ከዚያ ዞሮ አየው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረበትም፤ ጠራዡ ቁጣ ቢሆን ይመርጥ ነበር። «ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አለ። «ስናገረው ደስ ይለኝ ነበር።»

ጠራዡ ይቅርታ ለማለት ሞከረ፤ ቃሉ በአፉ ውስጥ አነሰበት። ቱሪስት በእጁ አስቆመው።

«ለሷ አንተ ራስህ ንገራት። ሹራቡን የሠራችው ላንተ ነው፣ ለኔ አይደለም። እኔ ይህንን ላወራላት አልችልም።»

ይህንን ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ተሳፋሪ ገባ። የዚያን ቀን ቱሪስት በሃያ ዓመት ሥራው ነድቶ በማያውቀው ፍጥነት ነዳ። መታጠፊያዎቹ ላይ ሰው እርስ በርሱ ተደገፈ፤ አንዲት አሮጊት ዛሬስ ሾፌሩን ማን ነካብን ብለው አጉረመረሙ። ጠራዡ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ሰማቸው። ማተሚያ ቤቱ ጋ ሲወርድ ቱሪስት ወደ መስታወቱ አላየም።

ቅዳሜ ዕለት ሹራቡን በወረቀት ጠቅልሎ ወደ ቱሪስት ቤት ሄደ። የሄደበት ሰዓት ቱሪስት፣ ማጥመዱን ከተወ ወዲህ ቅዳሜም ስለሚሠራ፣ ሥራ ላይ የሚሆንበት እንደሆነ አውቆ ነው የመረጠው፤ ይህም ራሱ አሳፈረው። ሚስቲቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ለመዋእለ ሕፃናቱ ባለቀለም ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች ነበር። ቁጭ በል ብትለው አልቀመጥ አለ። ቆሞ ነገራት። እሷ መቀሱን አስቀመጠች፤ የተቆረጡትን ወረቀቶች በቀለም በቀለማቸው መደርደር ጀመረች፤ ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ። ሲጨርስ ሹራቡን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረው።

«ይህን ውሰደው» አለች።

«አይገባኝም።»

«ለብርድ ነው የሠራሁት። ብርዱ ደግሞ አልሄደም።» ድምፅዋ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነበር፤ እጇ ግን ቀዩን ወረቀት ከቢጫው ላይ ደረበ። «ይቅር ብዬሃለሁ ማለቴ እንዳይመስልህ። እንደዚያ ያለ ነገር ዛሬ ከኔ አትጠብቅ። አሁን ሂድልኝ፤ መቆጣት እፈልጋለሁ፤ ፊቴ ቆመህ ግን አልችልም።»

ሹራቡን ይዞ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ከላይ የመቀስ ድምፅ አልተሰማም።

ቀጥሎ ለማተሚያ ቤቱ ሰዎችም መናገር እንዳለበት ቆጠረው። ለኃላፊዋ ነገራት። እሷ ግን ፈገግ ብላ አዳመጠችው፤ እርስዎ ደግሞ ራስዎን መክሰስ ይወዳሉ አለችው። ለሥራ ባልደረቦቹ ሲናገር «ጋሼ፣ ደህና ሰው እንዲያ ነው፤ የሠራውን ያሳንሳል» ብለው ምሳቸውን ቀጠሉ። ውሸቱን ለማመን አንድ ቀን ያልፈጀባቸው ሰዎች እውነቱን ሊያምኑለት አልቻሉም። ያመነችው ልጁ ብቻ ናት። ደውሎ ነገራት። «ነግረኸዋል?» ብላ ጠየቀች። «ነገርኩት» አላት። «እሺ አባዬ» አለችና ስለ ሌላ ነገር ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ኮራሁብህ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ግን የምትደውለው ከድሮው አላነሰም፤ እንዲያውም ትንሽ በዝቷል።

ክረምቱ ገባ። ሁለቱ ጓደኛሞች አልተነጋገሩም። ጠራዡ በሌላ መስመር አውቶቡስ መሄድ ጀመረ፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ ሃያ ደቂቃ ይጨምራል። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ታሪኩ አሁንም ይወራል፤ ቱሪስት ግን እንዳቆመው፣ ሲጠየቅም በቃ አልፏል እንደሚል ሰማ። ቱሪስት ታሪኩን አላስተባበለበትም። ጠራዡ ይህንን ሲሰማ እንደገና ሌላ ዓይነት ሐፍረት ያዘው። ሰውየው አሁንም ስሙን እየጠበቀለት ነበር።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የቱሪስት ሚስት ደወለች። ሰላምታዋ አጭር ነበር። አንዱ ሳንባው ሙሉ በሙሉ እንዳልዳነ፣ በወር አንድ ቀን ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ፣ ከእሷ ሥራ ጋር እንደማይገጥም፣ ብቻውን ደግሞ አልሄድም ብሎ ሁለት ቀጠሮ እንዳሳለፈ ነገረችው።

«እሱ አልጠየቀህም» አለችው። «የምጠይቅህ እኔ ነኝ። እንዳትሳሳት።»

«ገብቶኛል» አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሥራ አስፈቅዶ በራቸው ላይ ቆመ። ቱሪስት ወጣ፣ አየው፣ ደህና አደርክ አለው። ክብደቱ ቀንሷል፤ ካፖርቱ አዲስ ነው፣ ሰፍቶታል። በመንገድ ላይ ብዙ አልተናገሩም። ጠራዡ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ሰውዬ አጠገብ ሆኖ ወሬ የሚያመጣው እኔ ነኝ ብሎ አሰበ፤ ስለ ማተሚያ ቤቱ አዲስ መቁረጫ ማሽን አወራ፤ ማሽኑ እጅግ ፈጣን መሆኑን፣ ድምፁ ግን ራስ እንደሚያዞር ነገረው። ቱሪስት እህ እያለ ሰማው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ሰው ሞልቶታል። አንዲት ወጣት ነርስ ካርድ ይዛ እየዞረች ስም ትመዘግባለች። ቱሪስት ዘንድ ስትደርስ ጠራዡ ቆሞ ነበር፤ ቀና ብላ አየችው።

«እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አለችው።

ይህ ቀላል ጥያቄ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ ማሰብ ሲመልሰው ኖሯል። የዚያን ቀን ግን ፊቱ ጋለ፤ ቱሪስት ወለሉን እያየ እንደሚሰማ አወቀ።

«አብሬው ነው የመጣሁት» አለ።

ነርሷ ጻፈችና አለፈች። ቱሪስት አላረመውም። ትንሽ ቆይቶ ጉልበቱ ላይ የነበረውን ቦርሳ አንሥቶ መሬት ላይ አደረገ፤ ከጎኑ የተቀመጠችውን ሴት ይቅርታ ጠየቀና ጠጋ አለ፤ በወንበሩ ላይ ለአንድ ሰው የምትበቃ ጠባብ ቦታ ተገኘች። ጠራዡ ተቀመጠ። ተራቸው ሩቅ ነበር።